ለተኛ ሰው ጉድጓድ

ሞቶ የሚነሳ ሰው ያለበት ድራማ አልወድም። ልጆቼ ሳሎን ውስጥ ዘንዶ የሚጋልቡ ሰዎችን ሲያዩ እኔም ሥራዬን ጥዬ ከጎናቸው እቀመጣለሁ። ዘንዶው አይከብደኝም፤ ጠንቋይዋ ወደ አሞራ ስትለወጥም እሺ እላለሁ። ግን ባለፈው ሳምንት በጦር ተወግቶ፣ ተለቅሶለት የተቀበረው ጎረምሳ ዛሬ ፀጉሩን ተበጥሮ ከች ሲል ደሜ ይፈላል። "ደራሲው ምን ነክቶት ነው? ያ ሁሉ ለቅሶ ለምን ነበር?" እላለሁ። ልጆቹ "እማ፣ ምትሃት እኮ ነው" ይሉኛል። ምትሃትም ደንብ አለው ብዬ እሟገታለሁ። ሙግቴን ስጨርስ ግን እኔኑ ግራ ይገባኛል፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ፣ በሸዋ ሮቢት የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮለት አፈር የተመለሰበትን ሰው "ተኝቷል" ሲሉኝ አምኛለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ማትሪክ አልመጣልኝ ብሎ ቤት ተቀምጫለሁ። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ ቤቱ የእናቴ፣ የወንድሜና የእኔ ነበር። እናቴ የደሴ አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ቦታ ፓፓያና ሎሚ ትሸጣለች፤ እኔ ዘንቢሉን አቀብላለሁ፣ ከተሳፋሪ ጋር እከራከራለሁ። ምላሴ አያርፍም ነበር። እናቴ "አንቺን ያገባ ሰው ጆሮውን አስቀድሞ ይሸጥ" ትለኝ ነበር።

ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት ወደ ሰሜን ሄደ። አንድ ጊዜ በከባድ መኪና ሾፌር በኩል "ደህና ነኝ፣ ዱዓ አድርጉልኝ" ብሎ ላከ። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ክረምት ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ፤ ስለ እሱ የሚያወራ ሰው ጠፋ።

እናቴ ቴሌቪዥን ማየት የጀመረችው ለድራማ አልነበረም። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አንድ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበር፤ በር ባለው የእንጨት ሣጥን ተዘግቶ መድረኩ ላይ ይቀመጣል፣ ቁልፉ ከሊቀመንበሩ ኪስ አይወጣም። አንድ ሰው ለእናቴ "በዜናው ላይ ሠራዊቱን ያሳያሉ" ብሎ ነገራት። ከዚያን ቀን ወዲህ መግሪብ ሰግዳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እኔን አስከትላ ትሄዳለች። ዜና አንባቢው የሚለው አይገባትም፣ ሊገባትም አትፈልግም። ወታደሮቹ ሲሰለፉ ግን ተነስታ ሣጥኑ ሥር ትደርሳለች። "ፊቱ ባይታይ እንኳ አካሄዱን አውቀዋለሁ፤ ግራ ትከሻው ዘንበል ይላል" ትላለች። ዘበኛው "እትዬ፣ እባክዎ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉ፣ ሰውም ይይ" ይላታል። ኋላ ላይ ግን ሁሉም ለመደና የፊተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ ቦታ ተወላት።

ድራማው በሳምንት አንድ ቀን ከዜናው ቀጥሎ ይመጣ ነበር። ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተላከ ነው ተባለ። ጫካ አለበት፣ ግንብ አለበት፣ የሚናገር ፈረስ አለበት፣ ዛፍ ውስጥ የምትኖር ጠንቋይ አለችበት። ቋንቋውን የሚያውቅ በከተማው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እዚያው አገር የእርሻ መኪና ጥገና ተምሮ የመጣ የእርሻ ልማቱ ባለሙያ። ሊቀመንበሩ "ጓድ፣ ሕዝቡን አገልግል" አሉትና ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ፣ በእጁ ቀጭን አርጩሜ ይዞ፣ የሚባለውን በአማርኛ ይነግረን ጀመር። ሰው ሁሉ ተርጓሚው ይለዋል።

ታሪኩ የአንዲት ድሃ እናት ልጅ የሆነ ጎረምሳ የንጉሥ ልጅ ወዶ የሚደርስበት መከራ ነው። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደራሲው አልጣመኝም። ጠንቋይዋ ጠዋት ሕፃን ትሰርቃለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለተጠማ መንገደኛ ውሃ ታጠጣለች። "ይህች ሴትዮ ክፉ ናት ወይስ ደግ? ደራሲው ጠዋት የጻፈውን ከሰዓት ረስቶታል" አልኩ። እናቴ ዞር ብላ ጎረቤታችንን፣ ባለ ሻይ ቤቷን፣ በአገጯ እያሳየችኝ "አልረሳም። ይቺስ ውሃ ትሰጥሽ የለም? ባልዲሽን ግን መልሳልሽ ታውቃለች?" አለች። ባለ ሻይ ቤቷ "ወላሂ ነገ እመልሳለሁ!" ብላ ጮኸችና አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ፈረሱም ግራ አጋባኝ። የሚናገር ከሆነ፣ ጎረምሳው በጫካው ውስጥ መንገድ ጠፍቶት ሲንከራተት ለምን ዝም ይላል? ይህን ስጠይቅ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ባለ ጋሪ "ፈረስ ካልጠየቁት አይናገርም" ብሎ መለሰልኝ፤ ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው ነገር ይመስል። ተርጓሚው ራሱ አንዳንዴ የማይሰማው ቃል ነበር መሰለኝ፣ አርጩሜውን ወዝወዝ አድርጎ "እ... ተናደደ" ይላል። ደብረ ሲና ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ ሥዕሉ ይበጠበጣል፤ ቢያንስ እኛ ምክንያቱ ጉሙ ነው ብለን እናምን ነበር። ዋናው ነገር ሊሆን ሲል ጉሙ ይመጣና ሁሉም ወደ ዳገቱ አቅጣጫ ዞሮ ይራገማል። ሲጠራ ሰዎቹ ሌላ አገር ደርሰው ይገኛሉ።

ይባስ ብሎ የንጉሡ ነገር መጣ። ንጉሡ ደግ ሽማግሌ ነበር፤ ድሃ ያበላል፣ ሕዝቡ ያለቅስለታል። ሊቀመንበሩ ከወንበራቸው ተነስተው "ጓድ፣ ይኼ ንጉሥ የሚወደደው በምን ምክንያት ነው?" ብለው ጠየቁ። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ሽማግሌ፣ ዘውዱን እንደ ደፋ፣ ዙፋኑ ላይ እንደ ተቀመጠ፣ "የሕዝብ ተወካይ" ሆኖ መጣ።

"ጋሼ፣ ታዲያ ዘውዱን ማን ሰጣቸው?" አልኩ።

"ጠቅላላ ጉባኤው" አለ ተርጓሚው፣ ዓይኑን ከሥዕሉ ሳይነቅል።

ከዚያ በኋላ የትኛው የደራሲው፣ የትኛው የተርጓሚው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። የተወካዩ ልጅ ለምን ልዕልት ልብስ ትለብሳለች? ለምን ሰው ይሰግድላታል? ብጠይቅ መልስ አላጣም፤ መልሶቹ ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ቢሆንም አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም። እናቴም ዜናው አልቆ ድራማው ሲጀምር መነሳት ትታ ነበር። ጎረምሳውን ወዳዋለች። በተለይ ከቤት ሲወጣ የእናቱን ደጃፍ የሚስምበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጋ ስትደርስ "እሰይ የኔ ልጅ" ትለዋለች፣ እንደሚሰማት ሁሉ።

ክረምቱ ሲበረታ፣ ታሪኩ ውስጥም ጦርነት መጣ። ጎረምሳው ከነፈረሱ ወደ ሩቅ አገር ዘመተ። ያን ምሽት ጉም አልነበረም፤ ሥዕሉ እንደ መስተዋት ጠርቶ ነበር። ጎረምሳው ተራራ ላይ ሲዋጋ ከኋላው ጦር ተወረወረበትና ወደቀ። ዓይኑ ተከደነ። ጓደኞቹ ቆባቸውን አወለቁ። አንዱ ተንበርክኮ እየተንሰቀሰቀ ረጅም ነገር ተናገረ።

ተርጓሚው አልተረጎመውም። አርጩሜው እጁ ላይ ቀረ። አንድ ጊዜ ወደ ፊተኛው አግዳሚ፣ ወደ እናቴ ተመለከተ፤ ከዚያ "ተኛ" አለ። "ጠንቋይዋ እንቅልፍ ጣለችበት።"

እንዴት እንዳናደደኝ! "ጋሼ፣ ጦሩስ?" አልኩ።

"ጦሩ ስቶታል።"

"ታዲያ ምን ያስለቅሳቸዋል?"

"ቶሎ አይነሳም ብለው ነው።"

በዚህ መሐል ሰዎቹ ጎረምሳውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ዝቅ አድርገው አስገቡት። አፈርም መለሱበት። እኔ ተነስቼ ቆምኩ። "ለተኛ ሰው ጉድጓድ የሚቆፈረው በየት አገር ነው?" ብዬ ጮህኩ። ተርጓሚው ላብ በላብ ሆኖ "ከጠላት ሊደብቁት ነው" አለ። ያኔ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ለወትሮው በአንድ ነገር ተስማምቶ የማያውቀው አዳራሽ አንድ ቃል ሆነ። ባለ ሻይ ቤቷ "እንቅልፍ ነዋ! እኔ ራሴ ሲተነፍስ አይቼዋለሁ" አለች። ባለ ጋሪው "ወላሂ እኔም" አለ። ሊቀመንበሩ ሳይቀሩ "ተኝቷል። ጓድ ተርጓሚ ያሉት ትክክል ነው፤ ተቀመጪ" አሉኝ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ሥዕሉን ስታይ ቆየችና "ይተኛ፤ ልጁ ደክሞታል" አለች።

እኔ ግን አልተኛልኝም። የሚቀጥሉት ሳምንታት ይብሱ ነበሩ። የጎረምሳው እናት ጥቁር ለብሳ መጣች፤ ተርጓሚው "የአገራቸው የክረምት ልብስ ነው" አለ። የሚወዳት ልጅ ለሌላ ሰው ተዳረች። "ባሏ ሊሆን ያለው ሰው ተኝቶ ሳለ?" ብዬ አበድኩ፤ "እሱ ሲነሳ ምን ልትለው ነው? ይቺ ልጅ ገና ስትጀምርም አይን አውጣ ነበረች፣ ደራሲው ነው ያሳመራት!" አልኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግማሹ አዳራሽ ከእኔ ጋር፣ ግማሹ ከልጅቷ ጋር ሆኖ ይጨቃጨቅ ነበር። አሁን ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ባለ ሻይ ቤቷ ክንዴን ቆንጥጣ "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ተዪ ልጄ" አለችኝ። ምን ዘንዶ እንደሆነ አልገባኝም። ድራማው ውስጥ ዘንዶ አልነበረም።

ከአዳራሹ ውጭ ቀኑም ግራ የሚያጋባ ሆነ። ባለ ሻይ ቤቷ ባልዲያችንን መለሰች፤ አጥባው፣ ውስጡ ማሾ ሞልታበት። ባለ ጋሪው የእናቴን ዘንቢል ሳይጠየቅ ከቤት እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ያደርስ ጀመር። አውቶቡስ ሲቆም ተሽቀዳድመው ይሮጡ የነበሩት ሌሎቹ ፓፓያ ሻጮች "እትዬ፣ ቀድመው ይሽጡ" እያሉ ወደ ኋላ ይላሉ። እኔ ጅሏ ክርክሬ ያስከበረን መስሎኝ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ደራሲን የሚሞግት ሰው ስላየ ነው ከተማው ያከበረን ብዬ።

እናቴም ተለውጣ ነበር። በዜናው ላይ ሠራዊቱ ሲታይ መነሳት ተወች። አንገቷን እንኳ አትመዝም። የፊተኛውን አግዳሚ ትታ እኔ ከምቀመጥበት ከኋላ መጥታ፣ ትከሻዬን ተደግፋ ትቀመጣለች፤ እኔ ስጮህ ዝም ብላ ታዳምጠኛለች። ዓይኗ የደከመ መሰለኝ። መነጽር የሚገኝበትን እንዲጠይቁልን ለሊቀመንበሩ ነገርኳቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው "እሺ ልጄ" አሉኝ፤ "ጓድ" ማለቱን ረስተው።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከሱብሒ ሶላት ሲመለስ፣ በራችን ተንኳኳ። እናቴ ቀድማኝ ከፈተች። ደጃፉ ላይ ማጀቴ ከተማ የሚኖረው አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ቆሟል። ከኋላው ሽማግሌዎች፣ ሊቀመንበሩ፣ ባለ ጋሪው፣ ባለ ሻይ ቤቷ፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ ተርጓሚው። አጎቴ "እህቴ" ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ኢና ሊላሂ" አሉ። ባለ ሻይ ቤቷ ጩኸቷን ለቀቀችው።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድ፣ ከሁሉም በላይ የእናት ወንድም፣ መገኘት አለበት፤ ሰዓቱም ጎህ ሲቀድ ነው። እስከዚያ የሰማ ሁሉ በሆዱ ይይዛል፣ እናት ሳትዘጋጅ ከገበያ መሐል ከሰው አፍ እንዳትሰማ። ድራማው ውስጥ ጎረምሳው ከመውደቁ በፊት፣ ከወንድሜ ጋር የነበረ አንድ ቁስለኛ ወታደር በአውቶቡስ ሲያልፍ ሻይ ቤቷ ገብቶ ቤታችንን ጠይቆ ነበር። ባለ ሻይ ቤቷ ወደ ጓዳ አስገብታ ሰማችው፤ መልሳም ለሽማግሌዎቹ ነገረች። ወደ ማጀቴ ተላከ፤ አጎቴ ግን ታሞ ተኝቷል ተባለ፣ ሲሻለው ደግሞ ወንዞቹ ሞልተው መንገዱ ተዘጋ። ከተማው ያንን ሁሉ ጊዜ ጠበቀ። እናቴን ከአዳራሹ ቅሪ እንዳይሏት ትጠረጥራለች። እንዲያው እንዳለች ተዉዋት፣ እነሱም መጡ፣ ድራማውም ቀጠለ። ጎረምሳው ተራራ ላይ ሲወድቅ ያ ተርጓሚ፣ ለአንዲት እናት ልጅሽ ሞተ ብሎ በአማርኛ መናገር፣ የሥዕል ልጅ እንኳ ቢሆን፣ መርዶ መንገር ሆነበት።

ይህን ሁሉ የተረዳሁት በለቅሶው መሐል ቀስ በቀስ ነው። ከሐዘኔ በላይ ንዴቴ በረታ፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ግን እንደዚያ ነበር። ለቀስተኛው ሲቀልል፣ እናቴና እኔ ብቻችንን መደቡ ላይ ተቀምጠን፣ "ሁሉም አታለሉን፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው!" አልኳት።

"እኔን ማንም አላታለለኝም" አለች።

ዞር ብዬ አየኋት።

"ያን ቀን ነው ያወቅሁት፣ ጉድጓዱን ሲቆፍሩ። አንቺ ስትጮሂ ሁሉም ተኝቷል አሉ። ያ ባለ ጋሪ እንኳ! እነዚህ ሰዎች በምን ተስማምተው ያውቃሉ? ለማን ብለው እንደሆነ ገባኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ለምን በየሳምንቱ ሄድሽ?"

"ደክመውልኛል እኮ" አለች። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች፣ መልሳ ዘረጋችው። "ደግሞ አንቺ ነበርሽ። ሁሉም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ተኝቷል ብላ አምና የምትጣላ አንቺ ብቻ ነሽ። ሲነሳ ምን ልትለው ነው እያልሽ ስትጮሂ፣ ካንቺ አጠገብ ስቀመጥ፣ እኔም ለትንሽ ጊዜ የማላውቅ እሆን ነበር።"

አለቀስኩ። የወንድሜን ለቅሶ እንደሚገባ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ተርጓሚው ሊጠይቀን መጣ። በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን በእጁ ሲያሽከረክር ቆየ። የሚያወራው ሲያጣ "ድራማው አለቀ" አለ። እኛ ከለቅሶው ወዲህ አዳራሹን አላየነውም ነበር። "መጨረሻው ጉድ ሆነ። ጠንቋይዋ መጥታ ጉድጓዱን ከፈተችው፤ ልጁ ተነሳ። ለካ እውነትም ተኝቶ ኖሯል። እኔ ሞቷል ብዬ ነበር የሰማሁት፤ እነሱም እንደዚያ ነው ያሉት። ዋሸሁ ብዬ ስጨነቅ ውሸቴ እውነት ሆኖ ቁጭ አለ።"

"ይሄ ምን ዓይነት ደራሲ ነው!" ብዬ ተነሳሁ። እንደ ገና ደሜ ፈላ። "በጦር ወግቶ፣ ቀብሮ፣ እናቱን ጥቁር አልብሶ፣ የሚወዳትን ለሌላ ድሮ፣ አሁን ተነሳ? በሰው ይቀልዳል? እንዲህ ተብሎ ይጻፋል?"

ተርጓሚው ደነገጠ። እናቴ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝና ወደ እሱ ዘንበል አለች።

"ልጄ፣ እናቱስ አየችው?"

"አዎ እትዬ። ደጃፉን ሊስም ጎንበስ ሲል ወጥታ አገኘችው።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች እናቴ። "ተዪ አንቺ፣ ደራሲውን አትስደቢው። እሷ እንኳ ደስ ይበላት።" ከዚያ ለተርጓሚው ፓፓያ እንድቆርጥለት ላከችኝ።